ባሕር በጣሳ

ከሌሊቱ አስር ተኩል ጡሩምባው ይነፋል፣
ብርድ ልብስ ይገፈፋል፣
የያዙት ሕልም አብሮ ይገፈፋል፤
ሳጅን ካሊሳያ በሩን በጫማው ይከፍታል፦
«ተነስ መርከበኛ! ባሕሩ ይጠብቅሃል!»

ቦሊቪያ ባሕር የላትም።
ነበራት ይላሉ፤ እኛም አያቶቻችንም ሳንወለድ
በጦርነት ሄደ፤ መርከበኛው ብቻ እምቢ አለ ለመሄድ።
ያለን ቲቲካካ ነው፣ በተራራ ጫንቃ የተንጠለጠለ፣
አራት ሺህ ሜትር ሊሞላው ጥቂት የጎደለ፣
ሞገዱ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ፣
ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ፣ ዕቃ እንዳይሰብር የሚፈራ።

እኔ ኤሎይ ቺፓና ነኝ፣ የቆርቆሮ ቆፋሪ ልጅ፣
መሬት ሲበሳ እንጂ
ውሃ ሲቀዘፍ ያላየሁ፤
ዕጣ ወጣብኝና ባሕር ኃይል ገባሁ።
አባቴ ሰምቶ ሳቀ፣ ሳሉ እስኪያቋርጠው ድረስ፤
«ደመና ላይ ልትቀዝፍ ነው? እንግዲያ ስትመለስ
አንድ ዓሣ አትርሳኝ» አለና፣ ነጭ ሸሚዜን በእጁ ተኩሶ
ሸኘኝ፤ አውቶቡሱ ሲነሳ ፊቱን ወደ ተራራው መልሶ።

ኑሮው ምን አለው? ጫማው አርባ፣ እግሬ አርባ ሁለት፣
ሥጋ በስሙ ብቻ የሚገኝበት የድንች ሾርባ ራት፣
አንድ የምድጃ ቧንቧ፣ የሃያ ሰው ካልሲ የተሰጣበት፣
ሲጋራ በዘብ ተራ፣ ዘብ በደብዳቤ የሚለወጥበት።
እኔ ለሴቬሮ ፍቅረኛ እጽፋለሁ፣
እሱ የሌሊት ዘቤን ይቆማል፣ እኔ እተኛለሁ።
ለማላውቃት ልጅ ሦስት ጊዜ «ናፍቀሽኛል» ብያለሁ፤
በአራተኛው ግን እውነቴን መሰለኝ፣ ብዕሬን ጣልሁ።

ዋና የምንማረው ወገባችን በገመድ ታስሮ ነው።
ውሃው ስም ያስረሳል።
ሳጅን ከታንኳው «ቁጥርህ ስንት ነው?» ሲል
የእናቴን ስም ጠራሁለት።

ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ነው፣ ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት።
ጠመኔ አንስቶ ጨረቃ ይስላል፣
ክቧ ትንሽ ይጣመማል፤
«ይቺ ስትስብ ባሕር ይነሳል፣
ይቺ ስትለቅ ይሸሻል፤
ይህን ያልቆጠረ ካፒቴን አሸዋ ላይ ይቀራል።»
በመስኮት ሐይቁን አየሁት፣ ከቦታው አልተነሳም፣
ድንጋዩ ላይ ያለው መስመር ከፍም ዝቅም አላለም።
ፍሎሬንሲዮ እጁን አወጣ፦ «ሳጅን፣ እርስዎ አይተውታል?»
ጠመኔው ተሰበረ።
«ሃያ ፑሽ አፕ!»
ወረድን። ወለሉ ይናከሳል።
ስንቆጥር፣ ሰባት ላይ ቀና ብል፣
እሱም ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ወርዷል፤
ሃምሳ ዓመት የሞላው ወገቡ
እንደ አሮጌ ጀልባ ይንቋቋል።

በመጋቢት፣ ለባሕር ቀን ሰልፍ ስንዘጋጅ፣
ለሴቬሮ ጥቅል ደረሰው ከእናቱ እጅ፤
ጥንድ የሱፍ ጓንት፣ የተቆላ በቆሎ፣
ጡጫ የሚያህል ጨው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።
«የኛ የጨው ሜዳ ድሮ ባሕር ነበር፣ አያቴ ትላለች» አለ፤
እንቅልፍ ከሁላችን ዓይን ኮበለለ።
ፍሎሬንሲዮ በባዶ እግሩ ወጥቶ ከሐይቁ በጣሳዬ ቀዳ፣
ጨዉን በሳንጃ ፋቅን፣ ለሃያ ሰው አንድ ጣሳ ተሰናዳ።
አንዱ ተፋው፤ አንዱ ዋጠና ዓይኑን ጨፈነ፤
«በቃ ይኼ ነው?» ያለው ማን እንደሆነ
አላውቅም። በሩ ተከፈተ።

የባትሪ ብርሃን። ካሊሳያ።
እጁን ዘረጋ፣ ጣሳውን ሰጠነው።
አፉ ውስጥ ይዞት ቆየ፤ አይተፋም፣ አይውጥም።
ዋጠ።
«ትንሽ ጨምሩበት» አለ፣
እንደሚያውቅ ሰው ጢሙን ጠርጎ፣
በሩንም በጫማው ሳይሆን በእጁ ዘጋው፣ ቀስ አድርጎ።

ጣሳው ምድጃ አጠገብ አድሮ ውሃው ወርዷል፣
ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ትቷል፣
እስከዚህ ነበርኩ እንደሚል፣
የሸሸ ባሕር ምልክት፣ የጥፍሬን ስፋት ያህል።
ቆርቆሮ ነው፤ ምናልባት ከአባቴ ተራራ የወጣ።
ለፍተሻ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ቆምሁ፤ ካሊሳያ መጣ፣
ጎንበስ አለ፣ ወደ ውስጥ አየ፤
«ቆሻሻ ነው፣ እጠበው» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።